ኬዙ ተዘግቷል

ቤት ለቤት አረጋውያን እንድንከባከብ ከሚልከኝ ኤጀንሲ መልእክቱ የደረሰኝ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶብስ እየጠበቅሁ ነበር። «ዛሬ እንዳትሄጂ። ኬዙ ተዘግቷል። አዲስ ኬዝ ሲገኝ እንደውልልሻለን።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኤጀንሲው የምንከባከበውን ሰው «ኬዝ» ነው የሚለው። እማማ አርፈዋል ማለት ነው።

ስማቸው እማማ አይደለም። እዚያው አቅራቢያ ዊተን የሚኖሩ አሜሪካዊት ናቸው። በአፌ «ሚስ» እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እማማ ነበሩ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር፣ በሳምንት አምስት ቀን አብሬያቸው ነበርኩ።

ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲለብስ መጀመሪያ የሚገባው የደከመው እጅ ነው፤ ሲያወልቅ ደግሞ በጤነኛው ይጀመራል። ይህን ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) በሚከፍላቸው ኤጀንሲዎች ለሚሠራ ሆም ሄልዝ ኤይድ፣ ማለትም እንደኔ ላለ የቤት ውስጥ ጤና ረዳት፣ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በተግባር ነው። እጅጌ ማጥለቅ በ16 ሰዓት ይለመዳል። የእማማን እጅ ግን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ግራ እጃቸው እንደ ጡጫ ተጨብጦ ያድራል። በጉልበት ልክፈተው ካሉት ይበልጥ ይጠብቃል። ለብ ባለ ፎጣ ጠቅልለው ከታገሱት ግን አውራ ጣት ቀድማ ትላላለች፣ ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከተላሉ። መዳፋቸውን በደንብ አጥቤ፣ በጣቶቹ መሃል አደርቅና ትንሽ ፎጣ ጠቅልዬ አስጨብጣቸዋለሁ። ጥፍራቸው ቆዳውን እንዳይወጋው ነው።

በየቀኑ መጀመሪያ የምሠራው ይህንኑ ነበር። ቁርስም ገላ መታጠብም ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸውን ይዤ ስቀመጥ ስለ ባላቸው ያወሩኛል፤ ያንኑ ታሪክ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ሥራዬን የሚዘረዝረው ኬር ፕላን ላይ «ገላ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ምግብ» ይላል። እጅ ይዞ መቀመጥ የሚል መስመር የለውም።

ተረከዛቸውንና ወገባቸውን ሳላይ የወጣሁበት ቀን የለም። ባለሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም የአልጋ ቁስል አልወጣባቸውም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው። ሰው ሥራችንን «አሮጊት መጠበቅ» ይለዋል፤ ቀላል ይመስለዋል።

ስገባና ስወጣ ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሕግ ነው ያመጣው፤ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍልበት የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሰዓቱም ቦታውም በኤሌክትሮኒክ መመዝገብ አለበት። ይሁን፣ አልከፋኝም። የከፋኝ፣ የገባሁባትን ደቂቃ የሚያውቁ ሰዎች እማማ መቼ እንደሚቀበሩ ሊነግሩኝ አለመፈለጋቸው ነው። ደውዬ ስጠይቅ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ በግል እንዳታገኚያቸው» ተባልኩ።

እኛ አገር ለማናውቀው ጎረቤት እንኳ ለቅሶ እንደርሳለን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ሄደን ዝም ብለን እንቀመጣለን። እኔ የት ሄጄ ልቀመጥ? ገላቸውን ያጠብኩ፣ ጸጉራቸውን ያበጠርኩ፣ ሲፈሩ ያቀፍኳቸው ሰው፣ ለቀብራቸው ባዕድ ሆንኩ። ደንብ አወጣችሁ፣ እሺ። ግን አንድ ሰው ደውሎ «አርፈዋል» ቢለኝ ምን ይጎድል ነበር? አንድ ቀን እረፍት ሰጥተው «ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ቢሉኝስ?

ወደ ቤት ተመለስኩ። አብራኝ የምትኖረው እህቴ የሌሊት ሽፍት ሠርታ ገና መግባቷ ነበር። ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እናቴ አይደሉም፣ አክስቴ አይደሉም። «የማጥባቸው እናት» አልኳት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። እንቅልፏን ትታ ቡና አፈላች።

ሰኞ አዲስ ኬዝ ሰጡኝ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ስትሮክ። ሸሚዛቸውን ይዤ ግራ እጃቸውን ወደ እጅጌው ወሰድኩት።

«በዚያኛው በኩል ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የደከመው ቀኛቸው ነበር።