ፍቺ የሌለው ጾም፦ ሥጋ የተወች ልጄን ስመግብ የተማርኩት

ልጄ ሥጋ የተወችው በ2015 ዓ.ም.፣ 9 ዓመቷ ሳለ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልንገዛ በሄድንበት ጠዋት ነው። አንድ ወጣት ገና የሚንፈራገጥ ቆሮሶ ይዞ ቅርፊቱን ሲገፍና ሆዱን ሲሰነጥቅ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ለአንጀቱ ሲሻሙ ቆማ ስታይ ቆየች። ወደ ቤት ስንመለስ «ዶሮውም፣ በጉም እንዲህ ነው የሚሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እንደዚያው መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋም፣ ዶሮም፣ ዓሣም አልቀመሰችም፤ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ግን አልተወችም።

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ይህ ምን ያስጨንቃል? የጾም ምግብ ትብላ» አለኝ፤ እኔም በዚሁ ተጽናንቼ ጥቂት ሰነበትኩ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና አዚፋ በሞላበት አገር ሥጋ የማይበላ ልጅ ማሳደግ እንደማይከብድ አሁንም አምናለሁ። ዘግይቶ የገባኝ ግን ጾም ፍቺ እንዳለው፣ የልጄ ግን ፍቺ እንደሌለው ነው። እኛ ትልልቆቹ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾመን በፋሲካ እንተካለን፤ እርሷ ግን በማደግ ላይ ያለ ሰውነቷ የሚሻውን ሁሉ በየዕለቱ ከዚያው ገበታ ማግኘት ነበረባት።

ከሁሉ የከፋውን ጥፋት የፈጸምኩት በሁለተኛው ወር ነው። የከሳች መስሎኝ ቋንጣ አድቅቄ ሽሮዋ ውስጥ ጨመርኩ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቆም አለችና ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከአፏ አውጥታ እንጀራው ጠርዝ ላይ አኖረች፤ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልኩም። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ነገር ግን ለአንድ ወር ያህል እኔ የሠራሁትን ሽሮ አልነካችም፤ ሌላውንም ወጥ ሳትቀምስ በፊት በማንኪያ ታገላብጠው ነበር። ፕሮቲን በዋናነት የምታገኘው ከሽሮ ስለነበር፣ ያቺ የቋንጣ ዱቄት ከጠቀመቻት ይልቅ የጎዳቻት በለጠ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ የእርሷ ብቻ የሆነ ድስትና ጭልፋም ለየሁላት። አጠገቤ ቆማ ቁሌቱን ራሷ ማማሰል ስትጀምር፣ ቀስ በቀስ ወደ ሽሮው ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን ስትመረመር የደም ማነስ ምልክት ታየባት፤ ስለ ብረት በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይቀበለውም፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ይብሱን ያግደዋል። እኛ ቤት ከምሳ በኋላ ለልጆችም ሻይ ይቀዳ ስለነበር፣ የእርሷን ሻይ ከምግብ ሰዓት አራቅኩት። በምትኩ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ስለሚረዳ፣ ምስሩ፣ አዚፋውና ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ልማዳችን ሆነ። ምስርና ሽንብራ ማብቀልም ለመድኩ፤ ማታ ዘፍዝፌ ጠዋት ውኃውን አጠልልና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ጥላ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ በሐዋሳ ሙቀት ምስሩ በማግሥቱ ነጭ ጭራ ያወጣል። መዘፍዘፍና ማብቀል ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሽሮ በየቀኑ ለሚበላ ልጅ ስለ ሽሮው ራሱ መጠንቀቅ እንደሚገባም እዚህ ላይ መናገር እፈልጋለሁ። ጓያ አዘውትሮ በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ የተፈጨ ሽሮ ስንገዛ ምን እንደተቀላቀለበት አናይም። ስለዚህ ሽንብራውን፣ አተሩንና ባቄላውን ራሴ መርጬ፣ ቆልቼና ከክቼ ወፍጮ ቤት አስፈጫለሁ። ሽሮውንም ወፈር አድርጌ እሠራላታለሁ፤ የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን ሽሮና ብዙ እንጀራ የሚገባውን ሳታገኝ ያጠግቧታል። ለመክሰስ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ወይም በወተት የተበጠበጠ በሶ እሰጣታለሁ።

ከእህልም ከአትክልትም የማይገኘው ቫይታሚን ቢ 12 ነው። ከ9 እስከ 13 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 1.8 ማይክሮግራም ይመከራል፤ አንድ እንቁላልና ሁለት ብርጭቆ ወተት ይህን ይሸፍናሉ። አሁን ከእኛ ጋር መጾም በመጀመሯ በጾም ወራት እንቁላሉም ወተቱም ይቀራል፤ ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተማክረን በዐቢይ ጾም የቢ 12 እንክብል ትወስዳለች። የጾም ምግብ ይበቃታል ላሉኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው።

ከቤት ውጭ ያሰብኩትን ያህል አልከበደንም። የሲዳማ ጎረቤቶቻችን ለዘመን መለወጫ በዓላቸው ለፊቼ ጫምባላላ ሲጠሩን፣ ከቆጮ የሚሠራውንና በቅቤ የራሰውን ቡሪሳሜ ማንም ምንም ሳይጠይቃት ከሁሉም ጋር እኩል በላች። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ፣ አብሮት የቀረበውን እርጎ መጨረሷን ብቻ በዓይኔ ተከታተልኩ።

ውሳኔዋን ለመቀበል ከሁላችንም የዘገየችው እናቴ ናት፤ «ዶሮ የሌለው ምን ዶሮ ወጥ ነው?» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ስታዝን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ቁሌቱን ስታቁላላ አመሸች፤ 12ቱን ብልት ከመጨመሯ በፊት ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ ጓዳ ዞር ብላ «ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ያንቺን ድስት አምጪ፤ ዶሮው ሳይገባ ልቅዳልሽ» አለቻት። ልጄ ድስቷን ይዛ መጣች። እናቴም ቁሌቱን ቀዳችላትና 3 የተቀቀሉ እንቁላሎች በቢላ ጫር ጫር አድርጋ ጨመረችበት።