ግራፊን ሙቀት የማይፈራው ለምንድን ነው?

ኳንተም ላይ የሚሠሩ ሰዎች ግማሽ ሥራቸው ማቀዝቀዝ ነው። ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ በ1980 ግሬኖብል ላይ ኳንተም ሆል ኢፌክትን ያገኘው በፈሳሽ ሂሊየም በቀዘቀዘ ናሙና ነበር። ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ የገባ ስስ የኤሌክትሮን ንብርብር ሆል ሬዚስታንሱ (ወደ ጎን የሚፈጠረው ቮልቴጅ ለሚፈሰው ከረንት ሲካፈል) ማግኔቱ ሲበረታ ዝም ብሎ አይጨምርም፤ ደረጃ በደረጃ ይዘላል። ትንሽ ሲሞቅ ግን ደረጃው ይደበዝዝና ይጠፋል።

በ2007 ታዲያ ኖቮሴሎቭ፣ ጋይምና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በክፍል ሙቀት ግራፊን ላይ አሳዩ። ግራፊን ያው የእርሳስ ግራፋይት ነው፣ ውፍረቱ አንድ አተም ብቻ። ሁለቱ ሰዎች በ2004 በስኮች እየላጡ ነው ያወጡት (እውነቴን ነው፣ በስኮች!)።

ሚስጥሩ ምን መሰላችሁ? ማግኔት ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ያሻውን ኢነርጂ መያዝ አይችልም፣ የተፈቀዱለት እርከኖች አሉ። ሙቀት ደግሞ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይገፋዋል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ግፊቱና ክፍተቱ ሲነጻጸሩ ማን ይበልጣል የሚለው ነው። በክፍል ሙቀት ግፊቱ 26 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት (ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ በሚባለው ሴሚኮንዳክተር ላይ በ10 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማግኔት ክፍተቱ 17 ገደማ ስለሆነ ገና ሳይጀመር አለቀለት። ግራፊን ላይ በዚያው ማግኔት የመጀመሪያው ክፍተት ከ110 ይበልጣል፣ ምክንያቱም እዚያ ኤሌክትሮኖቹ ክብደት እንደሌላቸው ሆነው ነው የሚሮጡት፣ ፍጥነታቸውም የብርሃንን 1/300ኛ ያህላል።

አራት እጥፍ መብለጡም ግን አይበቃም። ወደ ላይኛው እርከን የሚያመልጡ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ሁልጊዜም አሉ፣ እነሱ ደግሞ ደረጃውን ያበላሹታል። ለዚህ ነው ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ያለውን የ45 ቴስላ ማግኔት የተጠቀሙት። እዚያ ክፍተቱ ወደ 240 ይደርሳል። የሆስፒታል ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፣ እንግዲህ አስቡት። «በክፍል ሙቀት ተሳካ» የሚለውን ርዕስ ሳይ ትንሽ የምናደደው ለዚህ ነው፤ ማግኔቱን ማንም አያነሳውም።

ደግሞ ሁሉም የግራፊን ጸባይ እንዲህ ሙቀት አይችልም። በ2018 ኤምአይቲ ውስጥ የፓብሎ ሃሪዮ-ኤሬሮ ቡድን ሁለት የግራፊን ንብርብር ደራርቦ አንዱን በ1.1 ዲግሪ ሲያጣምመው ሱፐርኮንዳክተር ሆነ፤ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለ ምንም ሬዚስታንስ ፈሰሱ። በዚያች ማዕዘን ኤሌክትሮኖቹ ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወድቃል፤ እርስ በርስ የሚያደርጉት ግፊያም ያኔ ጎልቶ ይወጣል። ግን ከ1.7 ኬልቪን በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ፣ የተጣመሩት ኤሌክትሮኖች ይፈታሉ፤ ሬዚስታንሱም ይመለሳል።