ዳገቱን አስበን ቁልቁለቱን ረሳን

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሳይክል መንዳት እንጂ ሳይክል ማቆም አያውቅም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከተማው ሜዳ ነው። ከጣና ዳር ተነስታችሁ በዘንባባው ጥላ ሥር ወደ ገበያ ስትሄዱ ፍሬን የምትይዙት ባጃጅ ድንገት ፊታችሁ ሲቆም ብቻ ነው። እሱንም ብዙዎቻችን የምንይዘው በጫማችን ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣውን መንገድ ለአንድ ጠዋት ከመኪና ነፃ እናድርግ ብለን ስንነሳ ይሄ ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

ሐሳቡ የመጣው በ2011 ነው። ያን ዓመት ኅዳር 30 አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ተጀመረ፤ ጎዳና ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ለእግረኛ ተለቀቀ። በዚያው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ የጣሊያኑን የስቴልቪዮ መንገድ ቪዲዮ አሳየኝ። 2,757 ሜትር ላይ ተራራ አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ነው። በአንዱ ወገን ብቻ 48 ጥምዝ አለው። በዓመት አንድ ቀን መኪና ይከለከልና ብስክሌተኛ ይሞላዋል። «እኛስ?» አልኩ። ከመካከላችን አንዱ «የዓባይ በረሃን እንዝጋዋ!» አለና ሳቅን። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ ማለቱ ነው። እሱን መዝጋት የጎጃምን ጉሮሮ መያዝ ነው።

ስለዚህ ወደ ቤዛዊት ዞርን። ተራራ ለማለት ያሳፍራል፣ ኮረብታ ነው። ግን አናቱ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ከሥር ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ይታያል። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም ታያላችሁ። ደግሞም መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ቢዘጋ ከተማው አይቆምም።

ቀን መምረጡ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አይነካም። እሑድ ማለዳስ? «ሁሉም ተኝቷል፣ ማን ያየናል» አልኩ። እናቴ ሰምታ «የምትተኛው አንተ ነህ እንጂ ሰውማ ቅዳሴ ላይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ የምትሄድ አለች፤ ጉልበቷ አልችል ብሏት በባጃጅ የምትመለስም አለች። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብለን፣ አቅመ ደካማ የሚጭን አንድ ባጃጅ እንዲያልፍ ተስማማን። ያው ባጃጅ ድንገት የታመመ ቢኖር ለሱም ይሆናል።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አላወራም። አንዱ ቢሮ «መጀመሪያ ከነሱ ደብዳቤ አምጡ» ሲል፣ እነዚያ ደግሞ «መጀመሪያ ከነዚህ» ይሉናል። ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ዋናው ሥራ ባጃጅ ተራው ላይ ነበር። እኛ ወረቀቱን ይዘን ኮራ ብለን ሄድን። ተራ አስከባሪው ወረቀቱን እንኳ ሳያየው «የጠዋት ገቢዬን ማን ይሰጠኛል?» አለ። መልስ አልነበረንም። ተመልሰን ሄደን፣ በማግስቱ ቡና ጋብዘነው እንደ ሰው አወራን። መፍትሔውንም ያመጣው እሱ ነው። ሰው ከከተማ እስከ ዳገቱ ግርጌ በባጃጅ ይምጣ፣ ከዚያ በእግሩ ይውጣ አለ። በዕለቱ መንገዱን የዘጋንበትን ገመድ የጠበቁልን የሱ ልጆች ናቸው። እኛማ ፎቶ እያነሳን ነበር።

ስለ ገመዱ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ከዘራቸውን ይዘው መጡና ፊቱ ቆሙ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ነው። «ልጄ፣ ይሄ የታሰረው ለመኪና ነው ወይስ ለኔ?» አሉኝ። የእግረኛ ቀን ብለን እግረኛውን ስናስጎነብስ አርፍደናል! ሮጬ ፈታሁላቸው። መርቀውኝ አለፉ፤ እኔ ግን አፍሬ ነበር።

መውጣቱ ግሩም ነበር። ማርሽ ያለው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሳይክሉን እየገፋ ወጣ። ሰው እየሳቀ፣ እያለከለከ፣ ልጁን አዝሎ። ከላይ ሆነን ዓባይን አየን።

ከዚያ መውረድ መጣ። ልጆቹ እሽቅድምድም ጀመሩ። ዘግይቶ የመጣው እግረኛ ደግሞ መኪና የለም ብሎ መንገዱን ሞልቶ እየወጣ ነው። አንድ ልጅ የወንድሙን ሳይክል ይዞ ሲወርድ «ፍሬን የለውም! ዞር በሉ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ሰው ግራና ቀኝ ተበተነ። ልጁ ሣሩ ውስጥ ገባና ወደቀ። ክርኑና ጉልበቱ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነም፤ እመቤቴ ትመስገን። እኔ ግን እግሬ ተንቀጠቀጠ። ለመኪና ስንጨነቅ ከርመን አደጋው ከሳይክል መጣ።

ወዲያው ሁሉንም አስቆምን። የኋላ ጎማ እያነሳን፣ እያሽከረከርን፣ ፍሬን እየያዝን ፈተሽን። ግማሽ ያህሉ አይዝም። ፍሬን የሌለው ሳይክሉን እየጎተተ በእግሩ ወረደ። ያኮረፈ ነበር፣ ያኩርፍ።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለውን ሳይክል ጠጋኝ ሄጄ ጠየቅሁት። «እኔ ካቴና ነው የምሸጠው፤ የፍሬን ጎማ የሚጠይቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ሜዳ ላይ ማን ይጠይቀዋል?

ሁለተኛውን ጊዜ ሌላ አደረግነው። ገመዱን ትተን ሁለት ባጃጅ አግድም አቆምን፤ መሐሉ ላይ ሰው ቀና ብሎ የሚያልፍበት ክፍተት ተውን። እስከ 2 ሰዓት መውጣት ብቻ ነው። ከዚያ ፊሽካ ሲነፋ የሚወጣው እግረኛ አንድ ጠርዝ ይይዛል፣ ብስክሌተኛው አምስት አምስት እየሆነ ይወርዳል። ፊት ያለውን መቅደም ክልክል ነው። ፊት የምናደርገው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነዳ ትልቅ ሰው ነው። ልጆቹ አልወደዱትም፤ «የቀብር ጉዞ አደረጋችሁት» አሉን። ግን ማንም አልወደቀም።

ጠጋኙንም ግርጌው ላይ አስቀመጥነው። ፍሬኑን ሳያሳየው ማንም አይወጣም። ያመጣው የፍሬን ጎማ ገና 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አለቀበት።