ሙቀቱ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። ባትሪ ቶሎ አለቀ፣ ሙቀቱ ነው። ጎማ ፈነዳ፣ ሙቀቱ ነው። ሠራተኛ አርፍዶ መጣ፣ እሱም ሙቀቱ ነው። ስለዚህ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ስሪ ካሜራውን በአይስ ቦክስ ይዞ ከዚራ ሰፈር ያለችው የካሜራ ጥገና ሱቃችን ሲመጣ ብዙም አልገረመኝም።

አዎ፣ በአይስ ቦክስ። ከታች በረዶ፣ በላዩ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ፎጣ፣ በፎጣው ላይ ካሜራው። ጎኑ ላይ አንድ አምቦ ውሃ ተጋድሟል። ክዳኑን ሲከፍተው የሌንሱ መስታወት ዓይኔ እያየ ላበው።

«ጋሼ፣ ይሄን ካሜራ ሙቀት ሳይሆን ውሃ ነው የሚገድለው» አልኩት። (ድሬ ላይ አንቱታ አናበዛም። ጋሼ ካልን ይበቃል።)

«አቦ ተው፣ አንተ ሠርግ ላይ አልነበርክም» አለኝ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከሙሽሪት ቤት ሲነሳ ካሜራው እንደ ልቡ ይሠራል። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሙሽሮቹን ሲያነሳም ይሠራል። ከቀትር በኋላ አዳራሽ ሲገባ ስታክ ያደርጋል። ቀዩ መብራት በርቶ ይቀራል፣ ቁልፉን ብትጫን አይሰማም፣ ብታጠፋው አይጠፋም። መፍትሔው ባትሪ መንቀል ነው። መልሰህ ስትከተው ሁለት ሦስት ፎቶ ያነሳና እንደገና ይደርቃል። ማታ ቤቱ ገብቶ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል፣ ካርዱን ፎርማት ያደርጋል፣ በማግስቱ ጠዋት ካሜራው ጤነኛ ነው።

«አየህ፣ ሲቀዘቅዝ ይድናል» አለኝ።

ታሪኩ ያሳምናል፣ አልዋሽም። ከኔ በፊት ያየው ባለሙያም አምኖበታል። ስሙን አልጠራም፣ ሙያችን ጠባብ ናት። ካሜራውን ፈታው፣ «ማዘርቦርዱን ሙቀት መቶታል» አለ፣ ገጠመው፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ከታችኛው ክዳን ላይ አንዲት ብሎን ጎድላለች። መፈታቱን ያወቅኩት በሷ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። የዚህ ካሜራ ማንዋል እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል ይላል። የግንቦት ድሬ እዚያ አካባቢ ይደርሳል እንበል። ግን ማርክ ስሪ ከውስጥ ሲግል ዝም ብሎ አይሞትም፣ የቴርሞሜትር ምልክት ያሳያል። እሱም በአብዛኛው ረጅም ቪዲዮ ስትቀዳ ወይም ላይቭ ቪው ከፍተህ፣ ማለትም በጀርባው ስክሪን እያየህ ስትቆይ ነው። በዓይን ማያው እያየ ቀጭ ቀጭ ለሚያደርግ ሰው ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር የሚሠራው ለቅጽበት ነው። ሮው የሚባለውን ጥሬውን፣ ትልቁን ፋይል ደጋግመህ ስታነሳ 18 ያህል ይጎርስና «ቢዚ» ይልሃል፣ እሱም በሽታ አይደለም፣ ትንፋሽ እየወሰደ ነው። ቀይ መብራት በርቶ መቅረት ግን ሌላ ነው። ካሜራው ካርዱ ላይ ሊጽፍ ሞክሮ መልስ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ፎቶውን የት ነው የምትጽፈው?»

«ሮውን ሲኤፍ ላይ፣ ጄፔጉን ኤስዲ ላይ።» (ካሜራው ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ትልቁ ሲኤፍ፣ ትንሹ ኤስዲ ነው። ጄፔግ ደግሞ ተጨምቆ ያነሰው ፎቶ ነው።)

«ጄፔጉ በሙሉ ይከፈታል?»

«የመጨረሻዎቹ ግማሻቸው ግራጫ ነው። ሙቀቱ አቃጥሎት።»

ኤስዲውን አወጣሁት። ጀርባው ልሙጥ፣ ፊቱ ላይ 128 ጊጋ ይላል። የአንዱ ጄፔግ መጠን 7 ሜጋ ገደማ ነው። ጠዋት የጀመረ የሠርግ ፎቶ አንሺ እስከ ምሳ ሺህ ፎቶ አያጣም። ይኼ 7 ጊጋ ነው። ምሳ ሰዓት ማለት ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ካርድ 128 አይደለም።»

«ማንበብ አትችልም እንዴ? ተጽፎበታል እኮ።»

«ላዩ ላይ ነዋ የተጻፈው።»

«ኮምፒውተር ላይም 128 ነው የሚለው።»

«እንዲል አስተምረውት ነው። ውስጡ ያለችው ቺፕ እንድትዋሽ ተደርጋ ነው የተሠራችው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ካርዱን የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። የእህቴ ልጅ ሌባ ነው እያልከኝ ነው?»

ልብ በሉ፣ ስለ ሜሞሪ ነበር የምናወራው፣ አሁን ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር ሆነ። «እሱንም አታለውት ነው» ብል አልሰማኝም። ስለዚህ ወሬውን ትቼ ኤስዲውን ከካሜራው አስቀረሁ። ሲኤፉን ብቻ አድርጌ ካሜራውን በስምንት ሰዓት ፀሐይ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጥቁር አካሉ እጅ እስኪያቃጥል ቆየ። ከዚያ አነሳሁና መንገዱን፣ ባጃጆቹን፣ ጥላ ስር የተቀመጡትን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ቀጭ ቀጭ አደረግኩ። ቢዚ እያለ ቀጠለ እንጂ አልደረቀም።

ጋሼ ሰማዩን አየ። «ዛሬ ፀሐዩ ቀዝቀዝ ያለ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የምትባለዋን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ካርዱን በሙሉ ትሞላዋለች፣ ከዚያ የጻፈችውን መልሳ ታነባለች። ምንም ዘዴ አያታልላትም። ችግሯ ቀርፋፋነቷ ነው። ምሳ ተበላ፣ ጎረቤት በርጫ ጀመረ፣ ጋሼም ሄዶ ተቀላቀለ። ሲመለስ ውጤቱ በቀይ ወጥቶ ነበር፦ ደህናው 7 ጊጋ ከምናምን፣ የቀረው በሙሉ የለም።

ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየ። የሠርጎቹ ሮው ሁሉ ሲኤፉ ላይ ስለነበር የጠፋ ፎቶ የለም። ቀይ መብራት እየበራ ባትሪ ሲነቅል ኖሮ እንኳ ሲኤፉ መትረፉ ዕድል ነው፣ አልኩት። ፎርማት ሲያደርገው የሚድነው ቀዝቅዞ ሳይሆን ባዶ ሆኖ እንደሆነም አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ። የገባው መሰለኝ።

«ስንት ነው ሒሳብ?» አለ። ነገርኩት።

«ለምኑ? አንተ እኮ ምንም አልፈታህም።»

ይኼ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ያኛው ፈቶ፣ ብሎን ጥሎ፣ ምንም ሳይሠራ ተከፈለው። እኔ ሳልፈታ አገኘሁት፣ ስለዚህ አልሠራሁም። ተከራክሬ ተከራክሬ የአዲስ ካርድ ዋጋ አስከፈልኩት፣ ለልፋቴ ደግሞ አንድ አምቦ ውሃ ደረሰኝ። መቼም ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ መፍቻዎቼን በተርታ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ። አጉሊ መነጽሬንም አደርጋለሁ። ባትሪ ብቻ የሚያስቀይር ሥራ ቢሆንም ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን እፍ እላለሁ። ሰው ተጨንቆ ያየኛል፣ ሳይከራከርም ይከፍላል። ጓደኛዬ ይኼ ማጭበርበር ነው ይለኛል። ይሁን።

ጋሼ ያንን ካርድ የጣለው ይመስላችኋል? የእህቱ ልጅ ስጦታ አይጣልም፣ ለረዳቱ ሰጠው። ረዳቱ በቀደም ካሜራውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ከቀትር በኋላ ስታክ ያደርጋል አለኝ። ምን ይመስልሃል ስለው፣ ሙቀቱ ነው አለ።

መፍቻዎቼን ዘረጋሁ።