እንኳን አደረሳችሁ፣ ከእኛ ግቢ

ወዳጆቼ፣ እዚህ የምትከታተሉኝ ሁሉ፣ እንኳን ለ2018 በሰላም አደረሳችሁ! ከጠዋት ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ አሁን ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው ስልኬን ያነሳሁት።

የእኛ ግቢ ቅርጫ አምና 8 ሆነን ነበር፣ ዘንድሮ 14 ሆነን ነው በሬውን የገዛነው። መደቡ አነሰ ግን የቀረ ሰው የለም። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ የጆሮ ጌጧን ሸጣ "ለእኔ ዘንድሮ ይቅርብኝ" ብላ ነበር፣ ሌሎቹ ሳይነጋገሩ ድርሻዋን ሞሉላት፣ ጠዋት ሥጋው ቤቷ ገባ፣ አለቀ።

ሕዝባችን ታጋሽ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር እሷን ነው የማስበው። ትዕግሥት ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም፣ ከሰው ጓዳ፣ ከሰው ጆሮ ላይ ተነቅሎ ነው የሚመጣው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ ጠዋት የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራል ሲባል ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ አሁን ከ130 በላይ ነው፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የእኔ ደሞዝ ደግሞ የአስተማሪ ደሞዝ ነው፣ ሌላውን እናንተው ሙሉት። ማሻሻያው ጭራሽ አያስፈልግም ነበር አልልም፣ ባንኩና ጥቁር ገበያው በእጥፍ ተራርቀው እንደማይቀጥል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያመመኝ ይሄን ያህል ይከብዳችኋል፣ እስከዚህ ጊዜ ቻሉት ብሎ እንደ ቤተሰብ ያስረዳን ሰው ማጣቴ ነው።

ሲነገረን እኮ እንችላለን! 2003 ላይ ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ የአንድ ወር ደሞዜን በ12 ወር ከፍዬ ለግድቡ ቦንድ ገዛሁ። እርግጥ ፈርሙ ተብለን ነው፣ ግን ለምን እንደምንከፍል እናውቅ ነበር። መለስ ዜናዊ መሠረቱን ጣሉ፣ ኃይለማርያም ደሳለኝ አስቀጠሉት፣ ከትናንት ወዲያ ጳጉሜን 4 ዐቢይ አህመድ ጉባ ላይ ሲመርቁት እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ አለቀስኩ፣ ልጄ "ምን ሆንክ አባ" አለችኝ፣ ይሄ ውስጥ የእኔም ሲሚንቶ አለ አልኳት።

ወንድሜ ግን ዘንድሮም ከጎጃም አልመጣም፣ መንገዱ አያስተማምንም፣ እናታችን ያለሱ የምትውለው ይሄ ሦስተኛ እንቁጣጣሿ ነው። ስልክም ሲገኝ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሁለት ዓመት ከተዋጉ በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ቁጭ ብለው የተፈራረሙ ሰዎች አሉ፣ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ ቢሆንም መነጋገር ይቻል ነበር ማለት ነው። ለምን አሁንም ብዙ ሰው እስኪያልቅ እንደሚጠበቅ አይገባኝም። መሪዎቻችንም ነፍጥ ያነሳችሁም ይሄን ካነበባችሁ የእናቴን ዕድሜ አስቡት፣ 74 ዓመቷ ነው።

ዓረብ አገርና አሜሪካ ሆናችሁ ለበዓሉ ለቤተሰብ የላካችሁ፣ ሰው ቤት እየሠራችሁ ከራሳችሁ ቀንሳችሁ እንደሆነ እናውቃለን፣ ተባረኩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻችሁን የዋላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዶሮው ገና አልተነካም፣ ቡናውም ነገ ጠዋት እንደገና ይፈላል፣ የወንድሜ ወንበርም ባዶ ነው።