በመዳፍ የተሸፈነ ሰዓት

ዛሬ ሐኪሟ የእናቴን የማስታወስ ችሎታ ስትመረምር ነጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ «እማማ፣ እስቲ የግድግዳ ሰዓት ይሳሉልኝ፤ ቁጥሮቹንም ያስገቡበት» አለቻት። እናቴ ክቡን አሳምራ ሳለችው። ከዚያ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በቀኙ ግማሽ ላይ ደረደረቻቸው። ግራው ባዶ ቀረ። ትንሽ አየችውና ባዶውን ቦታ ቀስ ብላ በመዳፏ ሸፈነችው።

ያቺ መዳፍ ከዓይኔ አልጠፋችም። አንድ ነገር እንደጎደለ አውቃለች ማለት ነው። እኛ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «እርጅና ነው» እያልን፣ አንዱን ጥያቄ ስትደጋግምብን እየተቆጣናት ኖረናል።

ሐኪሟ አልቸኮለችም። ከ30 የሚታረመው የማስታወስ ፈተና ብቻውን ምንም አይወስንም አለችን። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሳይቀሩ የመርሳት በሽታን ይመስላሉ፤ እነዚህ ደግሞ መፍትሔ አላቸው። ስለዚህ የደም ምርመራና የአንጎል ምስል አዘዘች። ያለ ምርመራ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ስንት ሊታከም የሚችል ሰው ያስቀር ይሆን!

ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠየቀችኝ። መቼ ጀመራት? ቀስ በቀስ ነው ወይስ በድንገት? ገንዘብ ትቆጥራለች? መድኃኒቷን ሳታዛንፍ ትወስዳለች? ለግማሹ መልስ አልነበረኝም፤ ያውም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን።

ማታ ደብተር አውጥቼ ያየሁትን ከነቀኑ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፈርኩት ያንን ሰዓት ነው።