«ሎኩን አጥፍተህ እንደገና ጫን» ያመጣው ጣጣ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ከአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ቢሮ አለ። ኢንተርኔቱ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። ጠዋት ይሮጣል፤ ሰፈርተኛው ከሥራ ሲመለስ ይንቀራፈፋል። አንድ የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ፕሮጀክት ብዙ መቶ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉት ዝግጁ የኮድ ጥቅል፣ ስለሚጎትት፣ አራት ሰው ያንኑ በየላፕቶፑ ሲያወርድ የተገዛው ጊጋ ቶሎ ያልቃል። መስመሩ መሃል ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ፓኬጆቹን የሚያወርደው ኤንፒኤም ጥቂት ሞክሮ በስህተት መልእክት ይቆማል።

ስለዚህ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ቨርዳቺዮ ጫኑ። ቨርዳቺዮ በላፕቶፖቹና በዋናው የኤንፒኤም ሪጅስትሪ (ፓኬጆቹ ኢንተርኔት ላይ በሚቀመጡበት ማከማቻ) መካከል ይቆማል፤ አንዱ ሰው ያስወረደውን ፓኬጅ ዲስኩ ላይ ያስቀርና ሁለተኛው ሲጠይቅ ከቢሮው ኔትወርክ ይሰጠዋል። ካልተቀየረ በስተቀር በፖርት 4873 ይሠራል። ከዚያ በየላፕቶፑ «ኤንፒኤም ኮንፊግ ሴት ሪጅስትሪ» ብሎ የዴስክቶፑን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20:4873ን፣ መስጠት ብቻ ነው። ደካማ መስመር ላለው ቢሮ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። የዚያ ቢሮ ችግርም ከቨርዳቺዮ አልመጣም።

ለብዙ ጊዜ ሁሉም ደኅና ሠራ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሪፖርት ማተሚያ አዲስ ፓኬጅ ተጨመረና ኮዱ ውጭ አገር ወዳለው የኪራይ ሰርቨር ተላከ። ሰርቨሩ ላይ «ኤንፒኤም ሲአይ»፣ ማለትም ሎክ ፋይሉ ላይ የተመዘገቡትን ስሪቶች ብቻ የሚጭነው ትእዛዝ፣ ሲባል ተርሚናሉ ዝም አለ። ስህተት የለም፣ ጭነቱም አይንቀሳቀስም። ኤንፒኤም መልስ የማይሰጥ አድራሻን ወዲያው አይተወውም፤ ካልተቀየረ በስተቀር ሁለት ጊዜ እንደገና ይሞክራል፣ በየመሃሉም ከ10 እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። በመጨረሻ «ኢታይምድአውት» (የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ) አለና አንድ አድራሻ ጻፈ። ያ አድራሻ 192.168.1.20 ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም አላስተዋላትም። የሁሉም ዓይን ያረፈው ከጎኗ ባለው የአዲሱ ፓኬጅ ስም ላይ ነው።

«እስቲ ሎኩን አጥፍተን እንጫን፤ እኔ ሁሌም በሱ ነው የሚሳካልኝ» አለ አንዱ። ይህ ምክር ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነው። ሎክ የሚሉት ፓኬጅ ሎክ ጄሰን፣ የየፓኬጁን ትክክለኛ ስሪት መዝግቦ የሚይዘው ፋይል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤንፒኤም 5 ጋር ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ብዙዎችን ያስቸግር ነበር፤ ምክሩ ከዚያ ጊዜ የተረፈ ይመስለኛል። ዛሬ ግን አደገኛ ነው።

ሎኩን አጠፉት። «ኤንፒኤም ሲአይ» ሎክ ፋይል ከሌለ ጨርሶ አይጭንም፤ በዚህ ጊዜ ማቆም ይገባ ነበር። እነሱ ግን ሎክ ባይኖርም ወደሚጭነው «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ዞሩ። ጭነቱ በደቂቃ አለቀ፣ ሲስተሙም ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ ካለ መጋዘን አንድ አዛውንት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ደወሉ። «ልጄ፣ የገቢ ቀኑ የት ሄደ? ኤክሴሉ ላይ 45292 የሚል ነገር ነው የማየው።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» አለች የቡድኑ ኃላፊ።

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ 45292 ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ማለት ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016። ቁጥሩ ቀን መስሎ የሚታየው ሴሉ የቀን ፎርማት ሲሰጠው ነው። ኃላፊዋ በላፕቶፑም በሰርቨሩም ላይ «ኤንፒኤም ኤልኤስ» ብላ የኤክሴል ፓኬጁን ስም አስከተለች፦ ላፕቶፑ 4.2.0፣ ሰርቨሩ 4.4.0። አዲሱ ስሪት ፎርማቱን በራሱ መስጠት ትቷል።

ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች በሚዘረዘሩበት ፓኬጅ ጄሰን ላይ የተጻፈው ^4.2.0 ነበር። የ^ ምልክት «ከ4.2.0 ጀምሮ ከ5.0.0 በታች ያለ ሁሉ ይሁን» ማለት ነው። ~4.2.0 ቢሆን ከ4.3.0 በታች ይቆም ነበር። በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ ትክክለኛውን ስሪት ቆልፎ የሚይዘው ሎክ ፋይሉ ብቻ ነው፤ የፓኬጆቹ ፓኬጆችም የሚቆለፉት እዚያው ነው። እሱ ሲጠፋ ኤንፒኤም ክልሉ የሚፈቅደውን እንደ አዲስ ይመርጣል። የኤክሴሉ ፓኬጅ በዓይን ስለሚታይ ተያዘ እንጂ፣ በዚያች ጭነት ስሪታቸው የተቀየረ ሌሎችም ነበሩ።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ነው። ሎክ ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፓኬጅ ከስሪቱ ሌላ ሁለት መስመር አለው። «ሪዞልቭድ» ፋይሉ ከየት እንደወረደ ይናገራል፤ «ኢንተግሪቲ» ደግሞ የፋይሉ የሻ512 አሻራ ነው። የቆዩት ፓኬጆች ሪዞልቭድ ላይ የዋናው ሪጅስትሪ አድራሻ ተጽፏል። ኤንፒኤም ይህን አድራሻ ሲያይ ላፕቶፑ ላይ በተሰጠው ሪጅስትሪ በራሱ ስለሚተካው ቢሮ ውስጥ ሁሉም ከቨርዳቺዮ ይመጣ ነበር። አዲሱ ፓኬጅ ግን በቨርዳቺዮ በኩል ስለተጨመረ የተጻፈለት 192.168.1.20 ነው። ይህ የቢሮው የውስጥ አድራሻ ስለሆነ ከውጭ አይደረስበትም። መተካቱም ለዋናው ሪጅስትሪ አድራሻ እንጂ ለሌላው አይሠራም። የቆዩት ወርደው አዲሱ ብቻ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው። ሎኩን የኮዱ ታሪክ ከሚቀመጥበት ከጊት መመለስ፤ በኤዲተር የዴስክቶፑን አድራሻ ከነፖርቱ ፈልጎ በዋናው ሪጅስትሪ አድራሻ መተካት (መነሻው ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን ማየት ነው)፤ ኮሚት አድርጎ ሰርቨሩ ላይ «ኤንፒኤም ሲአይ» ማለት። ፓኬጆቹ የሚጫኑበትን የኖድ ሞጁልስ ፎልደር አስቀድሞ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ሲአይ ራሱ ያጠፋዋል። ኢንተግሪቲውን ግን አትንኩት። አሻራው የሚወጣው ከፋይሉ ይዘት ነው፤ ቨርዳቺዮም ፋይሉን ሳይነካ ስለሚያስተላልፍ ከየትም ቢወርድ አሻራው ያው ነው። «ኢኢንተግሪቲ» የሚል ስህተት ከመጣ የወረደው ፋይል ሎኩ የሚያውቀው አይደለም ማለት ነው፤ «ኤንፒኤም ካሽ ቬሪፋይ» ብሎ እንደገና መሞከር፣ ካልተፈታ ደግሞ ምንጩን መመርመር እንጂ መስመሩን መሰረዝ አይገባም።

እንዳይደገም ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፕሮጀክቱ ውስጥ ባለው ኤንፒኤምአርሲ በሚባለው የኤንፒኤም ቅንብር ፋይል «ኦሚት ሎክፋይል ሪጅስትሪ ሪዞልቭድ» የሚለውን ቅንብር ማብራት ነው። አዳዲሶቹ የኤንፒኤም ስሪቶች ያውቁታል፤ ሎኩ ያለ ሪዞልቭድ ይጻፋል። ዋጋው ጭነቱ መዘግየቱ ነው፣ ኤንፒኤም የየፓኬጁን አድራሻ በየጊዜው መጠየቅ አለበትና። ለዚህ ቢሮ መስመር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፦ ፑሽ ከመደረጉ በፊት በሎክ ፋይሉ ውስጥ 4873ን ፈልጎ ካገኘ የሚያስቆም የጊት ሁክ (ጊት በራሱ የሚያስነሣው ስክሪፕት)። አንድ መስመር ስክሪፕት ነው። የቢሮው ሪጅስትሪ አድራሻም በየሰው የራሱ ኤንፒኤምአርሲ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ከገባ ከኮዱ ጋር ሰርቨሩ ላይ ይደርሳል።

ቢሮው የራሱን ፓኬጅ ቨርዳቺዮ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ከሆነ ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ያ ፓኬጅ ዋናው ሪጅስትሪ ላይ ስለሌለ አድራሻውን መቀየር አያመጣውም። ወይ ሰርቨሩን በቪፒኤን ከቢሮው ጋር ማገናኘት ነው፣ ወይም በ«ኤንፒኤም ፓክ» አንድ የታሸገ ፋይል አድርጎ ከፕሮጀክቱ ጋር መላክ። ራውተሩ በየመሃሉ ለሚጠፋ ቢሮ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።